የጽኑ ሕሙማን ክፍልና የመሐንዲሱ ድርሻ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




የንግግሬን ርእስ በፕሮግራሙ ላይ ያነበባችሁ ሁሉ በጥቂቱም ቢሆን ሳትደነቁ እንዳልቀራችሁ እገምታለሁ። ሆስፒታል ውስጥ ሰውን ስለሚይዙና መድኃኒትን ስለ ተላመዱ ተሕዋስያን መናገር የሐኪም ወይም የመድኃኒት ቀማሚ ሥራ እንጂ፣ ቧንቧ የሚዘረጋና ግድግዳ የሚያቆም ሰው ሥራ አይመስልም። እኔም በሐኪሙ ወንበር ለመቀመጥ አልተነሣሁም። በሽታውን መለየት፣ መድኃኒቱን መምረጥና መጠኑን መወሰን የእርሱ ሥልጣን ነው። ዳሩ ግን ከመድኃኒቱ በፊት የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ተሕዋሲው ከሕመምተኛው አልጋ የደረሰው በየት በኩል ነው? የሚለው ነው። የዚህ ጥያቄ መልስ አንዱ ክፍል የሚገኘው በሕክምና መጻሕፍት ውስጥ ሳይሆን እኛ በምንፈርምበት የሕንፃ ፕላን ላይ ነው። ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው ይህንኑ ነው። የምጠቅሳቸው ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውስ።

የጽኑ ሕሙማን ክፍል ምንድን ነው?

በ1952 በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሐገን የፖሊዮ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ የብዙ ሕሙማን የመተንፈሻ ጡንቻዎች ሰለሉ። ብዮርን ኢብሰን የተባለ የማደንዘዣ ሐኪም በሕመምተኛው ጉሮሮ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ቱቦ ገብቶ፣ ሳንባው በእጅ ከሚጨመቅ ከረጢት አየር እንዲያገኝ ሐሳብ አቀረበ። የሕክምና ተማሪዎች ቀንና ሌሊት በፈረቃ ከረጢቱን እየጨመቁ፣ ያለዚያ መሞታቸው የማይቀር ብዙ ሰዎችን አተረፉ። ከዚህ ልምድ በመነሣት ኢብሰን በ1953 በዚያው ከተማ ያቋቋመው ክፍል ከዓለም የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ቀዳሚ ሆኖ ይቈጠራል።

እንግዲህ ክፍሉ ከውልደቱ ጀምሮ የቱቦና የመሣሪያ ክፍል ነው። ዛሬም በዚያ የተኛ ሰው በአፉ በኩል የመተንፈሻ ቱቦ፣ በአንገቱ ወይም በብብቱ አካባቢ ወደ ትልቁ የደም ሥር የሚገባ ካቴተር፣ በሽንት ፊኛው ሌላ ካቴተር፣ በአፍንጫው የምግብ ቱቦ ተደርጎለት ይታያል። እነዚህ ሁሉ ሕይወቱን ያቆዩለታል። ነገር ግን ቆዳ፣ የአፍንጫ ጠጉር፣ ሳልና ምራቅ ተፈጥሮ የሠራቻቸው የመከላከያ በሮች ሲሆኑ፣ እያንዳንዱ ቱቦ ከነዚህ በሮች አንዱን አልፎ የሚሄድ አቋራጭ መንገድ ነው። በሽታው አስቀድሞ ያደከመው ሰው፣ በሮቹ ተከፍተው ለብዙ ቀናት በአንድ ቦታ ተኝቶ ይቆያል። በጤነኛ ሰው ላይ ምንም ጉዳት የማያደርስ የውሃ ተሕዋሲ በእርሱ ላይ ገዳይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

መድኃኒትን መላመድ ሲባል

አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ፔኒሲሊንን ያገኘው በ1928 ነው። መድኃኒቱ ገና በሰፊው ሳይሠራበት በ1940 አብረሃምና ቼይን የተባሉ ተመራማሪዎች ፔኒሲሊንን የሚያፈርስ ንጥረ ነገር በባክቴሪያ ውስጥ መኖሩን አስታወቁ። ፍሌሚንግም በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ባደረገው ንግግር፣ መድኃኒቱ ከሚገባው መጠን ባነሰ ከተወሰደ ተሕዋስያኑ እንደሚለማመዱት አስጠንቅቆ ነበር። ይህ ማስጠንቀቂያ በሚገባ ባለመሰማቱ፣ በ2022 በታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት ግምት መሠረት፣ በ2019 ብቻ 1.27 ሚሊዮን ሰዎች መድኃኒትን በተላመዱ ባክቴሪያዎች በቀጥታ ለሞት ተዳርገዋል።

ተሕዋስያኑ መድኃኒቱን የሚቋቋሙባቸው ዋና ዋና መንገዶች ለመሐንዲስ እንግዳ አይደሉም። አንደኛው፣ መድኃኒቱን የሚሰባብር ንጥረ ነገር ማምረት ነው። ሁለተኛው፣ መድኃኒቱ የሚገባበትን ቀዳዳ ማጥበብ ወይም መዝጋት ነው። ሦስተኛው፣ የገባውን መድኃኒት መልሶ የሚያስወጣ ፓምፕ በሽፋናቸው ላይ ማኖር ነው። ከዚህም በላይ አንዱ ባክቴሪያ ያገኘውን ዘዴ ፕላስሚድ በምትባል ትንሽ የዘር ቅንጣት አማካይነት ለጎረቤቱ ያቀብላል። ሰዎች የሕንፃ ፕላን እየገለበጡ እንደሚዋዋሱ ማለት ነው። መባዛታቸውም ፈጣን ነው። በየ20 ደቂቃው ለሁለት የሚከፈል አንድ ባክቴሪያ ሁኔታው ከተመቸው፣ በአንድ የሥራ ፈረቃ ማለትም በ8 ሰዓት ውስጥ ከ16 ሚሊዮን በላይ ይሆናል።

ካርባፔነም የሚባሉት መድኃኒቶች ሌሎቹ ሲያቅታቸው የሚጠሩ ናቸው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2024 ባወጣው ዝርዝር፣ እነዚህን የተላመዱት አሲኔቶባክተር ባውማኒና እንደ ክሌብሲየላ ያሉት የአንጀት ባክቴሪያዎች አዲስ መድኃኒት እጅግ አስፈላጊ ከሆነባቸው ከመጀመሪያው መደብ ተመድበዋል። አዲስ መድኃኒት ለማግኘት ብዙ ዓመታት ሲያስፈልጉ፣ ባክቴሪያው ግን ዓመታት አያስፈልጉትም። ስለዚህ ተሕዋሲው ከመግባቱ በፊት መንገዱን መዝጋት ከሁሉ የቀደመ ሥራ ነው።

የቶሮንቶው ገንዳ

ከ2004 መጨረሻ እስከ 2006 መጀመሪያ ድረስ በካናዳ በቶሮንቶ ጄኔራል ሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ ብዙ መድኃኒቶችን የተላመደ ፕሱዶሞናስ የተባለ ባክቴሪያ በ36 ሕሙማን ላይ ተገኘ። ከነዚህ 17ቱ በሦስት ወር ውስጥ ሲሞቱ፣ የ12ቱ ሞት ተሕዋሲው ያደረሰው ወይም ያፋጠነው መሆኑ ታወቀ። ምንጩ ሲፈለግ የተገኘው በክፍሎቹ ውስጥ በነበሩት የእጅ መታጠቢያ ገንዳዎች የፍሳሽ ቀዳዳ ውስጥ ነበር። ነገሩን ከሁሉ የሚያሳዝነው፣ ገንዳዎቹ የተተከሉት ሠራተኞቹ እጃቸውን እየታጠቡ ሕሙማኑን ከበሽታ እንዲጠብቁ ታስቦ መሆኑ ነው።

መርማሪዎቹ ያደረጉት ፈተና ለእኛ ሙያ ትልቅ ትምህርት ነው። በልዩ መብራት ሲታይ የሚያበራ ቀለም በፍሳሹ ቀዳዳ ውስጥ ጨምረው ቧንቧውን ከፈቱት። ውሃው በቀጥታ በቀዳዳው ላይ ይወርድ ስለነበር፣ ቀለሙ ከገንዳው ቢያንስ 1 ሜትር ርቀት ድረስ ተረጭቶ ተገኘ። በዚያ ርቀት ውስጥ አልጋና የመድኃኒት ማዘጋጃ ጠረጴዛ ካለ የሚሆነውን ማሰብ አያዳግትም። ፍሳሹን በመድኃኒት ማጠብ ወረርሽኙን አላቆመውም፤ ያቆመው ገንዳዎቹ ውሃ እንዳይረጩ ሆነው እንደ ገና መሠራታቸው ነው። እንግዲህ የብዙ ሰዎች ሞት ምክንያት የነበረው፣ በሥዕል ላይ ጥቂት ሳንቲሜትር ብቻ የሆነ፣ የቧንቧው አፍና የፍሳሹ ቀዳዳ አቀማመጥ ነበር።

ተሕዋሲው ከሲፎኑ እንዴት ይወጣል?

ብዙዎቻችን ሲፎን የሚሠራው ሽታ ለመከላከል ነው ብለን እንማራለን፤ እውነትም ነው። ነገር ግን ሁልጊዜ ውሃ የሚቋጥር፣ ሙቀት ያለውና ምግብ የማይታጣበት ቦታ በመሆኑ ለባክቴሪያ ምቹ ቤት ነው። ባክቴሪያዎቹ በቱቦው ግድግዳ ላይ ዝልግልግ ንጣፍ ሠርተው በውስጡ ይኖራሉ። ክሎሪን ከላይ ያሉትን ቢገድል ከሥር ያሉት ይተርፋሉ።

በ2017 የአሜሪካው የቨርጂኒያ ዩኒቨርስቲ ተመራማሪዎች ለሙከራ ብቻ ገንዳዎች ተክለው፣ አረንጓዴ ብርሃን የሚሰጥ ጉዳት የለሽ ባክቴሪያ በሲፎኑ ውስጥ ጨመሩ። ባክቴሪያው በሲፎኑ ውስጥ ብቻ ሳለ ቧንቧው ቢከፈት ወደ ውጭ አልተረጨም። ምግብ የሚሆን ነገር ወደ ገንዳው በተደፋ ጊዜ ግን ንጣፉ በቀን 2.5 ሳንቲሜትር ያህል እያደገ ሽቅብ ወጣና በአንድ ሳምንት ገደማ ከገንዳው ወንፊት ደረሰ። ከዚያ ወዲያ ቧንቧው ሲከፈት ወደ አካባቢው ተረጨ። ከዚህ የምንረዳው ቀላል ነገር ነው፤ የሻይ ትራፊ፣ የተረፈ ጉሉኮስ ወይም በቱቦ የሚሰጥ ምግብ በእጅ መታጠቢያ ገንዳ ላይ መድፋት ጠላትን መቀለብ ነው።

በአሜሪካ አገር በቤተዝዳ የሚገኘው የብሔራዊ የጤና ተቋማት ሆስፒታል ያገኘው መከራም ይህንኑ ያጠናክራል። በ2011 ካርባፔነምን የተላመደ ክሌብሲየላ ይዛ ከኒውዮርክ የተዛወረች አንዲት ሕመምተኛ ወደዚያ ገባች። ጥንቃቄ ቢደረግም ተሕዋሲው በጠቅላላው በ18 ሕሙማን ላይ ተገኘ፤ 11ዱ ሲሞቱ የ6ቱ ሞት በቀጥታ የዚሁ ተሕዋሲ ውጤት ሆነ። ተሕዋሲው በፍሳሽ ቀዳዳዎች ውስጥ፣ እንዲሁም ጸድቷል በተባለ የመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ተገኝቷል። ሆስፒታሉ ሕሙማኑን ለመለየት ግድግዳ አቁሟል፤ ክፍሎችን በሃይድሮጅን ፔሮክሳይድ እንፋሎት አጥኗል፤ ቧንቧም ነቅሏል። ያ ሆስፒታል በገንዘብም በዕውቀትም ከታወቁት አንዱ ነው። ስለዚህ ችግሩ የድሆች ብቻ ነው የሚል ሰው ቢኖር ይህን ያስታውስ።

ገንዳውን ማስወገድስ?

በኔዘርላንድ በናይሜኸን ከተማ ያለው የዩኒቨርስቲ ሆስፒታል ከሁሉ ራቅ ያለ እርምጃ ወሰደ። ከጽኑ ሕሙማን ክፍሎቹ ውስጥ ገንዳዎቹን ጨርሶ አነሣና የሕሙማኑን እንክብካቤ ከቧንቧ ውሃ ነጻ አደረገ። በ2017 በታተመው ጥናት እንደ ተገለጸው፣ በዚህ ዐይነት ባክቴሪያ የሚያዙት ቁጥር በየ1000 የአልጋ ቀን ከ26.3 ወደ 21.6 ዝቅ አለ፤ ጥቅሙም ይበልጥ የታየው ረዘም ላለ ጊዜ በተኙት ላይ ነበር።

እዚህ ላይ ተገቢ ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ኢግናጽ ዜመልቫይስ በ1847 በቪየና የማዋለጃ ክፍል ሐኪሞች እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ ካስገደደ ወዲህ፣ እጅ መታጠብ የሕክምና መሠረት ሆኖ ሳለ ገንዳ ይነሣ ማለት ወደ ኋላ መመለስ አይደለምን? አይደለም። ዛሬ በአብዛኛው ጊዜ እጅን በአልኮል ማሸት ፈጣንና የተሻለ ዘዴ ነው። በሳሙናና በውሃ መታጠብ የግድ የሚሆነው እጅ በግልጽ ሲቆሽሽና አልኮል የማይገድላቸው አንዳንድ ተሕዋስያን ሲኖሩ ነው። ስለዚህ እኔ ገንዳ ይነቀል አልልም። የምለው እያንዳንዱ ገንዳ ለምን፣ ለማንና የት እንደሚተከል ይታሰብበት ነው።

በእኛ አገር

በአገራችን ያለው ችግር በአንድ በኩል የዚህ ተቃራኒ፣ በሌላ በኩል ያው ራሱ ነው። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2014 ሆስፒታሎችን ንጹሕና ለሕሙማን የማያሰጉ ለማድረግ ዘመቻ ሲጀምር፣ ውሃና ፍሳሽ ከዋናዎቹ ጉዳዮች መካከል ነበሩ። በአንድ ሆስፒታል የውሃ መስመር ጥገና ላይ ሳለሁ፣ በገንዳ ላይ የጓንት ካርቶኖች ተደርድረው አየሁና የክፍሉን ኀላፊ ነርስ፣ «ሲስተር፣ ገንዳው ለምን የዕቃ መደርደሪያ ሆነ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም፣ «ኢንጂነር፣ ውሃ ሲመጣ ገንዳ ነው፤ ሲጠፋ ጠረጴዛ ነው። የምናዘው እኛ ሳንሆን እርሱ ነው» አሉኝ። በጥግ በኩል በርሜልና ጆግ ተቀምጠው ነበር።

ይህን መልስ በሙያችን ቋንቋ እንተርጉመው። ውሃ ሲቋረጥ በሲፎኑ ውስጥ ያለው ውሃ እየተነነ ያልቃል፤ ከፍሳሹ መስመር የሚመጣው አየርም ወደ ሕሙማኑ ክፍል ይገባል። ውሃው ሲመለስ በቧንቧው ግድግዳ ላይ የተጋገረውን ንጣፍ እየፈነቀለ ይዞ ይመጣል። በርሜሉ ውስጥ የቆየው ውሃ ክሎሪኑ ይጠፋል፤ ጆጉም በገባና በወጣ ቁጥር የብዙ ሰዎችን እጅ ወደ ውሃው ያደርሳል። በእኛ ዘንድ ውሃ በማጣት፣ በቶሮንቶ ውሃ በመርጨት የተከፈተው መንገድ መጨረሻው አንድ አልጋ ነው።

ኤሌክትሪክም እንዲሁ ነው። በኦቶክሌቭ ውስጥ ያለው እንፋሎት እስከ 121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሞቆ ለተወሰነለት ጊዜ ሳይወርድ ካልቆየ ዕቃው ንጹሕ አይባልም። በመካከል መብራት ቢጠፋ ሥራው ከመጀመሪያው ሊደገም ይገባል። ጀኔሬተሩ የትኛውን መስመር እንደሚሸከም የሚወስነውም መሐንዲሱ ነው።

ምን እናድርግ?

ገንዘብ የለም የሚለውን መልስ ሁላችንም እናውቀዋለን። የውሃ ማጠራቀሚያ መሥራት በእርግጥ ገንዘብ ይጠይቃል። ነገር ግን የቧንቧን አፍ ከፍሳሽ ቀዳዳ በላይ ከማድረግ ይልቅ ወደ ጎን ማድረግ በፕላን ላይ ሳለ የሚያስወጣው ገንዘብ የለም፤ ሕንፃው ካለቀ በኋላ ግን ግድግዳ ያስፈርሳል። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን ሐሳቦች ለማኅበሩ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ማኅበራችን ለሕክምና ሕንፃዎች አጭር የሙያ መመሪያ ያዘጋጅ። በዚህም የቧንቧ ውሃ በፍሳሽ ቀዳዳ ላይ በቀጥታ እንዳይወርድ፣ ገንዳው ጥልቀት እንዲኖረው፣ ከአልጋና ከመድኃኒት ማዘጋጃም ከ1 ሜትር በላይ እንዲርቅ ወይም በመከለያ እንዲለይ ይወሰን።

ሁለተኛ፣ የእጅ መታጠቢያ ገንዳና የቆሻሻ መድፊያ ምን ጊዜም የተለያዩ ይሁኑ። መድፊያ ካልተሠራለት ሠራተኛው በመታጠቢያው መድፋቱ አይቀርም፤ ጥፋቱም የፕላኑ እንጂ የሠራተኛው አይደለም።

ሦስተኛ፣ የማጠራቀሚያው መጠን ለውሃው የመቋረጥ ልማድ የሚበቃ ይሁን። ክዳን፣ የመታጠቢያ ጊዜ ሰሌዳና ክሎሪን መለኪያ ይኑረው፤ በቧንቧው አፍ የሚቀረው ክሎሪን በሊትር ከ0.2 ሚሊግራም በታች እንዳይወርድ ይጠበቅ። ውሃ የማይንቀሳቀስባቸው የተረሱ የቧንቧ ጫፎችም ይቆረጡ።

አራተኛ፣ ሕንፃ ስናስረክብ ቁልፍ ብቻ አናስረክብ። መስመሩ እንደ ተሠራ የሚያሳይ ፕላን፣ የመዝጊያዎቹ ቦታና የጥገና መዝገብ አብረው ይሰጡ።

አምስተኛ፣ በየሆስፒታሉ ስለ በሽታ መከላከል በሚመክረው ኮሚቴ ውስጥ መሐንዲስ ወይም የጥገና ኀላፊ በሙሉ አባልነት ይቀመጥ። የቧንቧ ሠራተኛው ሲፎን ሲፈታ ከነርሷ ጋር ተነጋግሮ፣ ሕመምተኛው ዞር ብሎ፣ አካባቢው ተከልሎ ይሁን።

ይህ ሁሉ ቢደረግ ችግሩ ጨርሶ ይጠፋል ማለቴ አይደለም። መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ እየተገዛ፣ እጅ ሳይታሽ ከአልጋ ወደ አልጋ እየተሄደ መሐንዲስ ብቻውን የሚያመጣው መዳን የለም። ነገር ግን ቀላልና የማይቋረጥ ሥርዐት ምን ያህል እንደሚሠራ ማስረጃ አለ። በአሜሪካ በሚቺጋን ክፍለ ሀገር ከ100 በላይ የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች፣ ወደ ደም ሥር የሚገባውን ካቴተር በአምስት ግልጽ እርምጃዎችና በመቈጣጠሪያ ወረቀት ማስገባት ጀመሩ። በ2006 የወጣው ውጤት እንደሚያሳየው፣ በካቴተር ምክንያት የሚደርሰው የደም መመረዝ አማካይ ቁጥር በ18 ወር ውስጥ በየ1000 የካቴተር ቀን ከ7.7 ወደ 1.4 ወረደ። ለዚህ አዲስ መድኃኒት አላስፈለገም። ያስፈለገው እያንዳንዱ ሰው የድርሻውን ማወቁና ሲጓደል የሚጠይቀው መኖሩ ነው። የእኛ ድርሻ ግን እስከ ዛሬ በወረቀት አልሰፈረም፤ ሲጓደልም የሚጠይቀን የለም።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤

ድልድይ ሲወድቅ ማን እንደ ነደፈው ይጠየቃል። በጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኛ ሰው በተረጨ ጠብታ ሲሞት ግን በሞት ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው የሳንባ ምች ወይም የደም መመረዝ ነው፤ የፕላኑ ቁጥር አይጻፍም። ያ ሰው በአፉ ቱቦ ስላለ ሊናገር አይችልም፤ አጠገቡ ያለውን ገንዳ ማን በዚያ ቦታ እንዳስቀመጠውም አያውቅም። የሚያውቀው ፈራሚው ብቻ ነው። ስለዚህ ከነገ ጀምሮ የሆስፒታል ፕላን በጠረጴዛችን ላይ ሲዘረጋ፣ ከጭነቱና ከዋጋው ስሌት ጋር አብረን ይህን አንድ ርቀት እንለካ፤ ከፍሳሹ ቀዳዳ እስከ ሕመምተኛው አልጋ ስንት ነው? ጉባኤውም ያቀረብኋቸውን አምስት ሐሳቦች መርምሮ፣ መመሪያውን የሚያረቅ ንኡስ ኮሚቴ እንዲመርጥ በአክብሮት እጠይቃለሁ።